የጭቃ ቤት ከጅማ ክረምት በፊት፦ ማድረቅ ይቀድማል፣ ማሞቅ ይከተላል

ጅማ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ብርዷም የሚቻል ነው። ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ዴዶ፣ ወደ ሰጠማ ወይም ወደ ሲግሞ ከፍታ ሲወጣ ግን በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። 2,700 ሜትር ላይ የቆመ ቤት ከከተማው ቤት በአምስት በስድስት ዲግሪ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ቡናው ቀርቶ ገብሱና እንሰቱ በሚበዛበት በዚያ አገር ቤት በዓመት ሁለት ጊዜ ይበርዳል። አንዱ ከሰኔ እስከ መስከረም ግድግዳው ውሃ ጠጥቶ ሳይደርቅ ሲከርም ነው። ሌላው ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ነው።

ብዙ ሰው ለሁለቱም አንድ መድኃኒት ነው የሚያውቀው፤ እሳት መጨመር። እርጥብ ጭቃ ግን ከደረቅ ጭቃ ይልቅ ሙቀትን ወደ ውጭ ያሳልፋል፣ ውሃው ሲተንም ሙቀት ይዞ ይሄዳል። እርጥብ ግድግዳ ባለው ቤት የሚነድ እንጨት መጀመሪያ የሚያገለግለው ግድግዳውን ነው። ስለዚህ ሥራው ቅደም ተከተል አለው፦ ጣሪያ፣ የውሃ መውረጃ፣ ግድግዳ፣ ወለል፣ ኮርኒስ፣ በመጨረሻ ምድጃ። ጣሪያው እያፈሰሰ ግድግዳ የለሰነ ሰው በዓመቱ ያንኑ ግድግዳ ይለስናል።

ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት አጋማሽ ነው። ችግሩ የቡና ለቀማም በዚሁ ወቅት መሆኑ ነው፤ ከታኅሣሥ በፊት ሠራተኛ ማግኘት ከባድ ነው፣ ደቦ መጥራትም ያስቸግራል። የሚሻለው አፈሩን ቆፍሮ ማቡካቱን በታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ምርጊቱን በጥር መሥራት ነው። መጋቢት ከገባ ዝናቡ መምጣት ይጀምራል፤ ያልደረቀ ምርጊት በዚያ ዝናብ ታጥቦ ይወርዳል።

ከዚህ በታች ያለው ልክ ሁሉ 5 በ7 ሜትር ለሆነ፣ ግድግዳው 2.5 ሜትር ለሚቆምና በቆርቆሮ ለተከደነ ቤት ነው። የእናንተ ከተለየ በዚያው መጠን ጨምሩ ወይም ቀንሱ።

ውሃው ከየት እንደሚመጣ መለየት

ቤት ውስጥ የሚታይ እርጥበት ከሦስት ቦታ ከአንዱ ይመጣል፦ ከላይ ያፈሳል፣ ከመሬት ይወጣል፣ ወይም ከራሱ ከቤቱ አየር ይጤዛል። የእያንዳንዱ ጥገና ስለሚለያይ ሳይለዩ ገንዘብ ማውጣት ኪሳራ ነው።

ከላይ የሚያፈስን ለማወቅ ቀን በፀሐይ በሩንና መስኮቱን ዘግታችሁ ጨለማው ውስጥ ቀና ብላችሁ እዩ። ብርሃን የሚገባበት ነጥብ ሁሉ ውሃም ያስገባል። በከሰል ወራጁ ላይ ምልክት አድርጉበት።

ከመሬት የሚወጣውንና የሚጤዘውን ለመለየት 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ቁረጡ። ግድግዳው ላይ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉትና አራቱንም ጠርዝ በቀጭን ጭቃ ዙሪያውን ድፈኑት፤ ፕላስተር ጭቃ ላይ አይዝም። ሌላ አንድ ወለሉ ላይ ዘርጉና ጠርዙን በድንጋይ አስይዙ። በማግስቱ ስትገልጡት ውሃው ከላስቲኩ ጀርባ፣ ማለትም በግድግዳው በኩል ከሆነ ከመሬት ወይም ከውጭ የመጣ ነው። ላስቲኩ ፊት ላይ ከሆነ ደግሞ የትንፋሽና የድስት እንፋሎት ነው፤ ይህ የኮርኒስና የአየር መውጫ ጉዳይ ነው።

በመጨረሻ ቋሚዎቹን ከመሬት ጋር በሚገናኙበት ቦታ በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉ። ቢላው ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ያለ ትግል ከገባ እንጨቱ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል።

ጣሪያ

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሜትር ካሬ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ክፈፉን፣ ማለትም ከግድግዳው ወደ ውጭ የሚወጣውን የጣሪያ ጫፍ ጨምሮ ይህ ጣሪያ 50 ሜትር ካሬ ያህል ይሸፍናል፤ 20 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ ጥሩ ዝናብ 1,000 ሊትር፣ ማለትም አምስት በርሜል ውሃ ያወርዳል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብበት በጅማ ይህ 75,000 ሊትር ነው። ይህ ሁሉ ውሃ ክፈፉ አጭር ከሆነ ግድግዳው እግር ላይ ነው የሚፈሰው።

ብዙ ቤቶች ቆርቆሮ ለመቆጠብ ክፈፋቸው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ለጭቃ ቤት ይህ አይበቃም፤ ከ60 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም፣ ዝናብ በንፋስ በሚመታው በኩል 80 ቢሆን ይመረጣል። ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ሰፊውን በረንዳና ወደ ውጭ የተዘረጋውን ጣሪያ ያስታውሳል፤ ያ ለማማር ብቻ የተደረገ አይደለም።

ክፈፉን ለማስረዘም ጣሪያውን ማፍረስ አያስፈልግም። ከእያንዳንዱ ወራጅ ጎን 1.2 ሜትር የሆነ ሞራሌ ወይም የተላጠ ባህር ዛፍ አስጠጉ፤ ግማሹ ወደ ውስጥ ከነባሩ ወራጅ ጋር ይደረብ፣ ግማሹ ወደ ውጭ ይውጣ። ባለ 10 ሴንቲ ሜትር ምስማር ሦስት ቦታ መትታችሁ ሁለት ቦታ በሽቦ እሰሩት። ሽቦውን የሚዘሉ አናጺዎች አሉ፤ ረዥም ክፈፍ ንፋስ ከሥሩ ገብቶ ስለሚያነሳው ምስማር ብቻውን ይነቀላል።

አዲሱ ቆርቆሮ ከነባሩ ሥር ነው የሚገባው፣ ላይ ከሆነ ውሃው በመገጣጠሚያው ይመለሳል። በቁመት ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር፣ በጎን አንድ ተኩል ሞገድ ይደረብ። ምስማር የሚመታው በሞገዱ ጉብታ ላይ ነው፤ ጎድጓዳው ውሃ የሚሄድበት መንገድ ነው። ለእያንዳንዱ ምስማር ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪያ በብር ሳንቲም ልክ ክብ ቆርጣችሁ ከቆቡ ሥር አድርጉ። ቆርቆሮ ስትገዙ የጌጁ ቁጥር ባነሰ ቆርቆሮው እንደሚወፍር አስታውሱ፤ ባለ 28 ከባለ 32 ይወፍራል። ሻጭ «ቁጥሩ ከፍ ያለ ነው» ብሎ ቢያሞካሽላችሁ እየሸጠላችሁ ያለው ስሱን ነው።

ለነባር ቀዳዳዎች ምስማሩን ነቅላችሁ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ ጉብታው ላይ እንደገና ምቱ፤ አሮጌውን ቀዳዳ ደግሞ በሬንጅ በተነከረ ጨርቅ ድፈኑ። ሬንጅ በዝገት ላይ አይጣበቅም፣ መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ ይፈተግ።

የውሃ መውረጃ

አሸንዳ ከተገኘ በየሜትሩ አንድ ሴንቲ ሜትር እያዘቀዘቃችሁ ስቀሉት፣ መያዣው በየ80 ሴንቲ ሜትሩ ይሁን፤ ውሃውም በርሜል ይሙላ። አሸንዳ ባይኖር ውሃው ከክፈፉ በሚያርፍበት መስመር ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የድንጋይ ንጣፍ አንጥፉ። ግድግዳን ከሥሩ የሚበላው ከመሬት ተፈናጥሮ የሚመለሰው ጭቃ ውሃ ነው፤ ድንጋዩ ፍንጣሪውን ይሰብረዋል።

ከግድግዳው እስከ አንድ ሜትር ድረስ መሬቱ ወደ ውጭ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይውረድ። ዳገት ላይ ላለ ቤት ዋናው ሥራ ከኋላ ነው፦ ከቤቱ በላይ ከ2 እስከ 3 ሜትር ራቅ ብሎ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ቆፍሩና ውሃውን ግራና ቀኝ አስኪዱት። መጨረሻው ሣር ያለበት ቦታ ይሁን። ወደ ጎረቤት ጓሮ የለቀቀ ቦይ ሽማግሌ ያስቀምጣል።

እንሰትና ሙዝ ግድግዳ ሥር መትከል ለዓይን ደስ ይላል፤ ግድግዳው ግን ፀሐይም ነፋስም ሳያገኝ ይከርማል። ከ2 እስከ 3 ሜትር አርቋቸው።

ግድግዳ

መጀመሪያ የበሰበሱ ቋሚዎች። በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አትንኩ። ከቋሚው አጠገብ ወፍራም ባላ አቁማችሁ የላይኛውን አግዳሚ ደግፉ፤ ከዚያ የበሰበሰውን ከመሬት በላይ 50 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቁረጡና ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርድራችሁ ጤነኛውን እንጨት አሳርፉበት። በድንጋዩና በእንጨቱ መካከል ከቋሚው በአራቱም በኩል አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ የቆርቆሮ ቁራጭ አስገቡ፤ ጠርዙን ወደ ታች እጠፉት። ምስጥ የጭቃ ዋሻውን ሠርቶ በዚያ ሲዞር በዓይን ይታያል፣ በመጥረጊያም ይፈርሳል። አዲስ እንጨት መሬት ውስጥ መግባቱ ግድ ከሆነ ጽድ ተመራጭ ነው። ባህር ዛፍ ከሆነ ልጡ ተልጦ ሁለት ሦስት ወር ጥላ ውስጥ ይድረቅና መሬት የሚገባው ክፍል ላዩ እስኪጠቁር እሳት ይለብለበው። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ይሠራል፣ ነገር ግን የጉድጓድ ውሃ ባለበት ግቢ አታድርጉት።

አሁን ወደ ጭቃው። የጅማ ቀይ አፈር ሸክላ ይበዛበታል። በጣም ይይዛል፣ ሲደርቅ ደግሞ በጣም ይሰነጠቃል። ከመቆፈራችሁ በፊት ላዩን፣ ጥቁሩንና ሥር የበዛበትን 30 ሴንቲ ሜትር ግፈፉት፤ እሱ ለጓሮ አትክልት እንጂ ለግድግዳ አይሆንም። ከታች ካለው እፍኝ አፈር ወስዳችሁ እንደ ሊጥ አሹትና በ3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድበልብሉት። ከመዳፋችሁ ጠርዝ ወደ ውጭ ቀስ እያላችሁ ግፉት። 5 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ከተበጠሰ አሸዋማ ነው፣ አይዝም። ከ15 ሴንቲ ሜትር አልፎ እንደ ገመድ ከተንጠለጠለ ሸክላው በዝቷል፣ አሸዋ ይፈልጋል። በመካከል ከተበጠሰ ጥሩ ነው።

ሸክላ ለሚበዛበት አፈር መነሻው ልክ ይህ ነው፦ 3 እጅ አፈር፣ 1 እጅ አሸዋ፣ 1 እጅ ጭድ። የጤፍ ጭድ ከሁሉ ይበልጣል፤ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ጭቃውን እንደ ክር ሰፍቶ ይይዘዋል። ደጋ ላይ የሚገኘው የገብስ ጭድ ግን ወፍራም ስለሆነ በጣት ርዝመት ተከትክቶ ይግባ። ጤፍ ከሚዘሩት ከኦሞ ናዳና ከቀርሳ በኩል ጭድ የሚመጣው ታጭዶ ከተወቃ በኋላ ነውና ያኔ ገዝታችሁ ከዝናብ አስጠልሉ። የሻገተ ጭድ አትጠቀሙ።

የውጭው ግድግዳ በርና መስኮቱ ሲቀነስ 56 ሜትር ካሬ ያህል ነው። በ2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ለመምረግ ከ1.1 ሜትር ኩብ በላይ የተቦካ ጭቃ ያስፈልጋል። 60 ሊትር በሚይዝ የእጅ ጋሪ 19 ጋሪ መሆኑ ነው። ተቆፍሮ የላላ ደረቅ አፈር ውሃ ገብቶት ሲረገጥ ስለሚጠቀጠቅ 25 ጋሪ ቆፍሩ።

አፈሩን ክብ አድርጋችሁ ከምሩ፣ መሐሉን እንደ እሳተ ገሞራ አፍ ክፈቱና ውሃ ሙሉበት። በማግስቱ ግቡና ርገጡት፤ በሬ ወይም ፈረስ ካለ ይሻላል። ጭዱን ሦስት ቦታ ከፍላችሁ በየረገጣው አንድ አንድ ክፍል በትኑ። ከዚያ በእንሰት ቅጠል ወይም በላስቲክ ሸፍናችሁ ተዉት፣ በየሦስት ቀኑም ውሃ እየጨመራችሁ ርገጡ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል ሦስት። ጭዱ ለስልሶ ጭቃው ጠቆር ሲልና እንደ ጠላ ጭንፋር ሲሸት ቦክቷል። ሽታው መጥፎ ነው፣ ግን ሲደርቅ ይጠፋል። በሦስተኛው ቀን ወደ ግድግዳ የሚወጣ ጭቃ ጭዱ ገና እንደ መርፌ ስለቆመ ከግድግዳው ጋር አይዋሃድም፤ ግድግዳ «አልያዝ አለኝ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ግድግዳውን በጣት አጥንት አንኳኩ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ሁሉ፣ ጤነኛ ቢመስልም፣ አውርዱ። አቧራውን ጥረጉ። ውሃ በቅጠል ነክራችሁ ርጩ፣ ግማሽ ሰዓት ቆዩ፣ ድገሙ። ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ በደቂቃ መጥጦ ሳይጣበቅ ያደርቀዋል። ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ የጎደጎደውን ቦታ መጀመሪያ ጭድ በበዛበት ጭቃና በጠጠር ሙሉትና አንድ ቀን ይደር።

ከዚያ ጭቃውን በመዳፍ ልክ አድበልብላችሁ በኃይል ወርውሩት። መለጠፍና መወርወር ይለያያሉ፤ ሲወረወር በመሐሉ ያለው አየር ይወጣል። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን በአራት ጣት በአግድም ፈርፈር አድርጋችሁ ቧጭሩት፤ ቀጣዩ ምርጊት የሚይዘው በዚያ ነው።

አንድ ሁለት ሳምንት ይድረቅ። የጥር ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ጎን ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ለሦስት ቀን በጆንያ ወይም በእንሰት ቅጠል ይሸፈን። ሲደርቅ ስንጥቁን አንብቡት። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ደህና ነው፣ እንዲያውም ለሁለተኛው ምርጊት ያግዛል። እርሳስ የሚያስገባ ከሆነ ሸክላው በዝቷል፤ ለሁለተኛው ዙር አሸዋውን ወደ 2 እጅ አሳድጉ። በእጅ ስትዳብሱት ከረገፈ ደግሞ አሸዋ በዝቶበታል ወይም በደንብ አልቦካም።

ሁለተኛው ምርጊት 1 ሴንቲ ሜትር ነው። የመጨረሻው ልስን 3 ሚሊ ሜትር፦ በወንፊት የተነፋ አፈር 1 እጅ፣ ደቃቅ አሸዋ 2 እጅ፣ ትኩስ የከብት እበት ግማሽ እጅ፤ ተቀላቅሎ ከ3 እስከ 5 ቀን ይቀመጥ። በፍራታሶ እያዞራችሁ አለስልሱት። እበቱ ልስኑን ከመሰንጠቅ ይይዘዋል፣ ዝናብንም በተወሰነ ደረጃ ይቋቋማል። ኖራ መቀባት የሚፈልግ ኖራውን አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድሮ፣ እንደ ወተት አቅጥኖ፣ ሦስት ጊዜ ይቀባ። አንድ ጊዜ ወፍራም መቀባት ይላጣል። ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላልና መነጽር ቢደረግ ጥሩ ነው።

ስለ ሲሚንቶ አንድ ነገር። ጭቃ ላይ በቀጥታ የተለሰነ ሲሚንቶ የመጀመሪያ ዓመት ያምራል። ጭቃ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል፤ ሲሚንቶ ደግሞ አይንቀሳቀስም። በጥቂት ክረምት ውስጥ መሐላቸው ይለያይና በስንጥቅ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ከኋላው ያለው እንጨት በሚስጥር ይበሰብሳል። አንድ ቀን ልስኑ እንደ ሰሌዳ ተገንጥሎ ሲወድቅ ምክንያቱ ይታያል። ገንዘቡ ካለ ሲሚንቶውን ከታች ላለው የድንጋይ መቀነት አውሉት፦ ከመሬት በላይ 40 ሴንቲ ሜትር የድንጋይ ግንብ፣ ላዩ ወደ ውጭ የተዘቀዘቀ።

ወለል

የውስጡ ወለል ከውጭው መሬት ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። በደቦ የተሠራ አሮጌ ቤት ብዙ ጊዜ ደጁ በጥርጊያና በአመድ ከፍ እያለ ሄዶ ወለሉ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ምርጫ አለ፤ ደጁን መቁረጥ ወይም ወለሉን ማሳደግ።

ለማሳደግ አሮጌውን ወለል ደልድላችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር አፍስሱ። አሸዋ ወይም አፈር ያልተቀላቀለበት ይሁን፤ ውሃ ከመሬት የሚወጣው በደቃቅ ነገር ውስጥ እንጂ በጠጠር መሐል ባለ ክፍት ቦታ አይደለም። ላዩ ላይ ወፍራም ላስቲክ ዘርጉ፣ መገጣጠሚያው 30 ሴንቲ ሜትር ይደረብ። ከዚያ 6 ሴንቲ ሜትር እርጥበት የነካው አፈር እየረጫችሁ በእንጨት መውቂያ ውቁት፣ ሲደርቅም በእበት ለቅልቁት። ጠጠሩ 3.5 ሜትር ኩብ ይሆናል።

የመኝታውን መደብ ከጭቃ የሠራ ሰው ሰሌን ብቻ አንጥፎ ከተኛ ከወለሉ ብርድ ብዙም አላመለጠም። ከሰሌኑ ሥር አንድ መዳፍ ውፍረት ደረቅ ጭድ የሞላ ጆንያ ይግባ፤ በክረምት በየሁለት ሳምንቱ ፀሐይ ሲወጣ ይናፈስ።

ኮርኒስ

ጠዋት ጣሪያው ሳያፈስ የሚንጠባጠብ ውሃ ካለ ጤዛ ነው። ሌሊት የትንፋሽና የወጥ እንፋሎት ወጥቶ ሰማዩ ያቀዘቀዘውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ኅዳር ላይ የሚብሰው ለዚህ ነው። ኮርኒስ ሞቃቱ አየር ቆርቆሮው ጋ እንዳይደርስ ያግዳል፣ ሙቀቱንም ከታች ያቆየዋል፤ ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ በአንድ ጊዜ ትልቁን ለውጥ የሚያሳየው እሱ ነው።

ርካሹ አቡጀዴ ነው። ቀጫጭን ጣውላ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ አግድማችሁ ጨርቁን ወጥራችሁ በትንንሽ ምስማር ምቱ፤ ከዚያ ጀሶ በቀጭኑ ይቀባ፣ ሲደርቅ ይወጠራል። የቀርከሃ ምንጣፍ የበለጠ ይቆያል። ከኮርኒሱ በላይ ካርቶን ሁለት ሦስት ድርብ መደርደር ይቻላል።

የቡና ገለባ በነፃ ስለሚገኝ ኮርኒስ ላይ ማፍሰስ የሚያስቡ ይኖራሉ። አታድርጉት። እርጥበት ይስባል፣ አይጥ ይራባበታል፣ ከምድጃ ብልጭታ ካገኘው ደግሞ ነበልባል ሳያሳይ ሲከስል ያድርና ጣሪያውን ይበላል።

በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሐል ያለው ቦታ አየር ያስፈልገዋል። በሁለቱ የቤቱ ጫፎች፣ ጣሪያው ሦስት ማዕዘን በሚሠራበት ቦታ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ክፈቱና አይጥና ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት።

በርና መስኮት

የሳንቃ መሐል ክፍተት በቀጭን ጣውላ ከውስጥ ይደፈን። የበሩ ደፍ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከሥር የሚገባው ነፋስ ከሁሉ የከፋ ነው። በመቃኑና በጭቃው መሐል ያለውን ስንጥቅ ጭድ በበዛበት ጭቃ ሙሉት፣ በየዓመቱ እንደገና ይከፈታልና በየዓመቱ ሙሉት። የዋንዛ በር ከባህር ዛፉ ያነሰ ይጣመማል፤ የጅማ አናጺዎች ለወንበሩም ለበሩም ዋንዛ የሚመርጡት በከንቱ አይደለም።

በግድግዳው ራስና በጣሪያው መሐል ያለውን ክፍት ቦታ ግን አትቸኩሉበት። ጭሱ የሚወጣው በዚያ ነው። የሚደፈነው ጭስ ማውጫ ከተሠራ በኋላ ብቻ ነው።

ምድጃና ከሰል

ሦስት ጉልቻ ሙቀቱን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። «ምርጥ» የሚባለው እንጨት ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ከጉልቻው ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል፤ ዙሪያው በጭቃ ከተገነባ ደግሞ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ሙቀት ይሰጣል። በመኝታው በኩል ያለውን ጎን በ15 ሴንቲ ሜትር ጭቃና ድንጋይ አወፍሩት።

ጭስ ማውጫው ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የላሜራ ቱቦ ይሁን፣ ከጣሪያው ጫፍ በላይ 50 ሴንቲ ሜትር ይውጣ። ካነሰ ነፋስ ጭሱን መልሶ ወደ ቤት ይገፋል። ከማንኛውም እንጨት 45 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። በኮርኒሱ በሚያልፍበት ቦታ ሰፋ ባለ ሁለተኛ ቱቦ ውስጥ አሳልፉት፣ መሐላቸው ለአየር ክፍት ይተው። እርጥብ እንጨት ጥቀርሻ ያበዛል፤ በወር አንድ ጊዜ ረዥም ሽቦ ጫፉ ላይ ጆንያ አስራችሁ ጥረጉት። የሣር ክዳን ባለው ቤት የላሜራ ቱቦ በክዳኑ ውስጥ ማሳለፍ አይገባም፤ በግድግዳ በኩል ወጥቶ ከክዳኑ ርቆ ይቁም።

ሌላም ነገር አለ፦ ጭስ ወራጁን ከነቀዝ ይጠብቀው ነበር። ጭሱ ከቆመ በኋላ ከእንጨቱ ሥር እንደ ዱቄት የረገፈ ነገር በዓመት ሁለት ጊዜ እዩ።

ከሰል ለብቻው ይነገር። የቡናው ማንደጃ፣ «ላቀች» የሚባለው ከሰል ቆጣቢም ሆነ ሌላ፣ ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል። አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። የቀላውም ከሰል፣ አመድ የለበሰውም ከሰል ያው ነው። ራስ ሲያምም፣ ሲያቅለሸልሽና ድብት ድብት ሲል እንቅልፍ መስሎ ይታለፋል፤ ወዲያው በር ከፍቶ መውጣት ነው። ቤቱ በደንብ በተደፈነ መጠን አደጋው ስለሚጨምር ከዚህ ሥራ በኋላ የከሰል ማንደጃ ሰው በተኛበት ክፍል አያድርም። ለሌሊቱ የሞቀ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማስገባት ይሻላል። ድንጋዩ ከወንዝ የተለቀመ አይሁን፤ ውሃ ያዘለ ድንጋይ እሳት ላይ ይፈነዳል።

የመጋቢት የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ቤቱን አንድ ጊዜ በውጭ ዙሩት። ከክፈፉ የወረደው ውሃ ድንጋዩ ላይ ማረፉን፣ ቦዩ አለመሙላቱን፣ የግድግዳው የታችኛው ክፍል ቀለሙ አለመጥቆሩን እዩ። የጠቆረ ቦታ ካለ በእንጨት ምልክት አድርጉበት፤ በቀጣዩ ፀሐይ ሲደርቅ የምትለጥፉበትን ጭቃ አሁኑኑ አንድ ጋሪ በላስቲክ ሸፍናችሁ አስቀሩ።